ሞቆ የማያውቅ ሞተር

ሐሙስ ዕለት ጂራታ የተማሪ ማመላለሻ መኪናውን ጌጃ ሰፈር ቅያሱ አፍ ላይ አቁሞ ጡሩምባ ሲያሰማ ደሚቱ ቀድማ ወጥታ ቆማ ነበር። ሰሞኑን የተማሪዎቹ መመለሻ ሲቃረብ ቤት አይበቃትም። የጀመረችውን ወጥ ከእሳት ታወርዳለች፣ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ወጥታ ትቆማለች። ትገባለች፤ ደግሞ ትወጣለች። መኪናው መጥቶ ከቆመ በኋላም ጥቁር ጭሱ መታጠፊያው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች አፍንጫቸውን ይዘው «ጂሬ፣ ባቡር ገዛህ እንዴ?» እያሉ ያሾፉበታል።

ልጆቹ ተራ በተራ ወረዱ። የጎረቤቷ የትብለጽ ልጅ ደላዊት ቦርሳዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ወረደች፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ በእጇ የታሸ ሎሚ ጨብጣለች። ሁሉም ወርደው አለቁ። ሌንሳ አልወረደችም።

«ሌንሳ!»

መልስ የለም። ደሚቱ ጎንበስ ብላ ገባች። የስድስት ዓመቷ ልጇ የኋለኛው ወንበር ጥግ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ትከሻዋን ነካቻት፣ ነቀነቀቻት፣ ጉንጯን መታ መታ አደረገቻት። ልጅቷ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ እናቷን እንደማታውቃት ሁሉ አይታ፣ መልሳ ከደነችው።

«ጂራታ! ልጄ አልነቃ አለችኝ!»

«ደክሟት ነዋ» አለ ባሏ ከመሪው ላይ ሳይነሳ። «ልጅ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ይተኛል። እኔም ሹፌር ባልሆን ኖሮ እተኛ ነበር።»

ደሚቱ አቅፋ አወረደቻት። አየር ሲያገኛት ሌንሳ አስመለሰች፤ ቀጥላም ራሷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ደሚቱ አፍንጫዋን ፀጉሯ ውስጥ ቀበረች። ጠዋት ቅባት ቀብታ የጎነጎነችው ፀጉር ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ትብለጽ ልጇን ልትወስድ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«ሎሚ አልሰጠሻትም?»

«ሰጥቻታለሁ።»

«እንግዲያው ወስፋት ነው። የኔዋም እንደዚሁ ሆናለች። መድኃኒት አጠጪያት።»

«ትብለጽ፣ ቅዳሜና እሁድ ወስፋቱ የት ሄዶ ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«ቅዳሜ ደህና ናት። እሁድ ስትሮጥ ትውላለች። ሰኞ እዚህ ውስጥ ገብታ ስትመለስ ራሴን ትላለች። ያንቺዋስ?»

ትብለጽ ደላዊትን ሳብ አድርጋ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ከዚያ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አየችው።

ደሚቱን እረፍት የነሳት ሽታው ብቻ አልነበረም። ከአምቦ መጥታ አዲስ አበባ በገባችበት ዓመት፣ ተከራይታ በነበረችበት ግቢ ሁለት እህትማማቾች ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው ቀርተዋል። በሩ ተሰብሮ ሲገባ ደሚቱ መልካቸውን አይታለች። የሞተ ሰው መልክ አልነበረም፤ እንቅልፍ የጣለው ሰው መልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ያለ ሰዓቱ ተኝቶ ካየች ሳትቀሰቅስ አታልፍም። ዘመዶቿ ይስቁባታል። «ደሚቱ ቤት እንግድነት ሄዶ እንቅልፍ የለም» ይላሉ።

ማታ እራት ቀርቦ ጂራታ እጁን ሲታጠብ፣ ደሚቱ ማስታጠቢያውን እንደያዘች፣ «ነገ ሌንሳ አትሳፈርም» አለችው።

ጂራታ ውሃው ከእጁ ላይ እየተንጠባጠበ ቀና አለ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል።

«የሹፌሩ ልጅ ያልተሳፈረችበትን መኪና ማን ልጁን ያሳፍራል? ትብለጽ ዛሬ ያየችውን አየሽ? ሌንሳ አንድ ቀን ከቀረች በማግስቱ ባዶ መኪና ነው የምነዳው።»

«እሱን አውቃለሁ። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። የራሴን አስቀርቼ የሰው ልጅ ልላክ? የትብለጽን ልጅ ልላክ? ወይ ሁሉም ይቀሩ፣ ወይ መኪናው ይዳን።»

«ጋሽ ከሊፋ እያዩት ነው እኮ! ካንዴላውን ቀየሩ፣ ፊልትሮውን ቀየሩ። ቅዳሜ ደግሞ ያንን ኢንጀክሽን የሚባለውን ጣጣ ነቅለው ጥለው ካርቡራተር ሊገጥሙለት ነው።»

«ከዚያስ ጭሱ ይቀራል?»

ጂራታ ጉርሻውን ጠቀለለ። አያውቅም።

መኪናው ሰዉ ዶልፊን የሚለው ዓይነት ሚኒባስ ነው። ጂራታ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በስሙ የገዛው የመጀመሪያው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሲያጥበው ሕፃን የሚያጥብ ነው የሚመስለው። እንደ ሌሎቹ በናፍጣ አይሄድም፤ ቤንዚን ነው፣ ያውም ካርቡራተር የሌለው። በድሮዎቹ መኪኖች ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ነው፤ ጎበዝ መካኒክ በካቻቢቴ ጫፍ ጠበቅ ላላ እያደረገ ያስተካክለዋል። የዚህኛው ግን በኮምፒውተር ነው። ሞተሩ ላይ እዚህም እዚያም የተሰኩ ሴንሰሮች አሉ፤ ኮምፒውተሩ እነሱን እየጠየቀ ይህን ያህል ቤንዚን ይርጭ ብሎ ያዛል። የጠመንጃ ያዥ ሰፈር መካኒኮች ሞተሩን ገልጠው አይተው ከንፈራቸውን መጠው የሚመልሱት ለዚህ ነው። ያልመለሱት ጋሽ ከሊፋ ብቻ ናቸው።

በዚያ ላይ ለጂራታ ባለውለታ ናቸው። ግንቦት ላይ ለቤተ ዘመድ ሠርግ ሰው ይዞ ደብረ ዘይት ደርሶ ሲመለስ ሞተሩ ሞቆ ውሃው ፈልቶ፣ መንገድ ላይ ሙሽራና ሚዜ አስቀርቶ ነበር። ጋሽ ከሊፋ ናቸው ራዲያተሩን አውርደው፣ አጥበው፣ አንዳንድ ነገሩን ነቃቅለው ያዳኑለት። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ሞቆ አያውቅም። ጂራታ ለሰው ሁሉ ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት ያሳያል። «ይቺን የሙቀት ጌጅ እያት፤ ከታች ንቅንቅ አትልም! አዲስ መኪና እንዲህ አይደለም» ይላል።

ክረምቱን ትምህርት ተዘግቶ መኪናው እምብዛም አልሠራም። መስከረም ላይ ሲጀምር ነው ጭሱ የመጣው። ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠነክር ደግሞ ባሰበት።

አርብ ጠዋት ደሚቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከልጆቹ ጋር ተሰልፋ ቆመች።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?» አለ ጂራታ።

«ተማሪ።»

ልጆቹ ሳቁ። ትብለጽ ደላዊትን ይዛ ሳትለቃት ቆማ ነበር። ደሚቱ እጇን ዘረጋችላት።

«ስጪኝ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነው የሚሄደው። ዛሬ አንድ ነገር ሳላገኝለት አልመለስም።»

«አንቺ መካኒክ ነሽ?»

«አይደለሁም። እናት ነኝ።»

ትብለጽ ትንሽ አሰበችና የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጇ አላቀቀች። «ልደታ ትከተላችሁ» አለች።

መቀመጫው ለልጆቹ ብቻ የሚበቃ ስለነበር ደሚቱ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ሞተሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሌንሳን ታቅፋ፣ ደላዊትን ከጎኗ አድርጋ። አብነት ላይ ልጆች ጫኑ፣ በጦር ኃይሎች አድርገው ወደ አየር ጤና አቀኑ። መንገዱ ተጨናንቋል፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ጭሱ ዞሮ በኋላ በኩል ይገባል። ልጆቹ በተከፈተው መስኮት ብርድ እየገባ «ኧረ ይዘጋ!» ይላሉ። ደሚቱ «ማንም እንዳይነካ!» ትላለች። አንዱ ልጅ ያዛጋ እንደሆነ ስሙን ትጠይቀዋለች። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ምሳ ምን እንደያዘ ትጠይቀዋለች።

«እትዬ፣ ጥያቄ አበዙ» አለ አንዱ ጥርሱ የወለቀ።

«መልስ፤ እንዳትተኛ።»

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹ ሁሉ በእግራቸው ወረዱ። ሌንሳ ራሷን ብላለች፤ ግን ዓይኗ ንቁ ነው። ደሚቱን ራሷንም ጆሮ ግንዷን ይወቃታል። በሩ ሲዘጋ ጂራታን አንድ ነገር ብቻ አለችው።

«ጋሽ ከሊፋ ጋ።»

የጋሽ ከሊፋ ጋራዥ ጠመንጃ ያዥ፣ በሁለት ቤቶች መካከል በቆርቆሮ የተከለለች ናት፤ መኪና ሲገባ ሰው ይወጣል። ጋሽ ከሊፋ ቆፍጣና ሽማግሌ ናቸው፤ ቱታቸው ቀለሙ ጠፍቷል፣ ቆባቸው ግን ነጭ ነው። የሹፌሩን ወንበር ገልብጠው ሞተሩን ገለጡት።

«እመቤት ደግሞ ምን እግር ጣላት?»

«ለቁጥጥር ነው የመጣሁት፣ ጋሽ ከሊፋ» አለች ደሚቱ።

«ኢንሻላህ እናልፋለን።»

ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱን ፈትተው አወጡ። አዲስ ነው የተገጠመው፤ ጫፉ ግን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ደረቅ ጥላሸት ወጣ።

«አየሽ? ቤንዚን በዝቶበታል። የሚቃጠለው ተቃጥሎ የተረፈው ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ጭሱ እሱ ነው። አየር አንሶት ይሆን ብዬ ፊልትሮውን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ኢንጀክተሮቹ ያንጠባጥቡ ይሆን ብዬ አውጥቼ አጠብኩ፤ ጠብ አይሉም። የቀረችኝ አንዲት ተጠርጣሪ ናት።»

ከሞተሩ ጎን አንዲት አውራ ጣት የምታክል ነገር ፈትተው በመዳፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይቺ የሙቀት ሴንሰር ናት። ሞተር ጠዋት ሲነሳ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤንዚን ይጨመርለታል፤ ሲሞቅ ይቀነስለታል። ለኮምፒውተሩ ‹ቀዝቅዟል፣ ሞቋል› እያለች የምትነግረው ይቺ ናት። እሷ ከዋሸች፣ ቀኑን ሙሉ ‹ቀዝቅዟል› ካለች፣ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? ያፈስለታል።»

«እንዴት ነው ውሸቷ የሚታወቀው?» አለች ደሚቱ።

«የፈላ ውሃ ውስጥ ይከቷታል።»

ደሚቱ ሁለተኛ አልተነገራትም። ማዶ ካለችው ሻይ ሻጭ ማንቆርቆሪያ ሙሉ የፈላ ውሃ ለምና መጣች። ጋሽ ከሊፋ ሴንሰሯን በጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርገው ቴስተራቸውን ሰኩባት፤ ቁጥሩን አዩ። የፈላውን ቀስ እያሉ ጨመሩበት። ቁጥሩ ወረደ፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ወረደ። ደግመው ሞከሩ። ያው ነው። ጋሽ ከሊፋ ፊታቸው ጠቆረ።

«ደህና ናት» አሉ። «ሲሞቃት ቁጥሯ መውረድ አለበት፤ ወረደ። አትዋሽም።»

«ታዲያ?» አለ ጂራታ።

«ታዲያማ ኮምፒውተሩ ነው ያበደው። እብድ ደግሞ እኔ አላክምም። ነገ ነቅለን እንጥለዋለን። ካርቡራተር አግኝቼልሃለሁ።»

ጂራታ አቀርቅሮ ቆመ። ከገዛው ጀምሮ ከሌላው ሹፌር ያስበለጠው ነገር ያ ኮምፒውተር ነበር። ደሚቱ ግን ሌላ ነገር ይከነክናታል፤ ከጠዋት ጀምሮ ይከነክናታል፤ እንዳትናገረው ደግሞ የሚያስቅ ነገር ነው።

«ጋሽ ከሊፋ፣ አንድ ነገር ልበልዎት?»

«በይ።»

«ሞተሩ ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁት።»

«እና?»

«አልሞቀኝም።»

ጂራታ ሳቀ። «እና ይቅርታ እንጠይቅሽ?»

«አንተ ሹፌር ነህ፤ ተሳፍረህ አታውቅም። ታክሲ ላይ ሞተር ላይ የሚቀመጥ ሰው ይቃጠላል። ከመርካቶ ስመጣ እዚያ ከደረሰኝ ነጠላዬን አጥፌ እቀመጥበታለሁ፤ እሱም አይበቃኝም፣ ልደታ ስደርስ እየዘለልኩ ነው የምወርደው። ዛሬ በዚህ ሁሉ መንገድ፣ አየር ጤና ሄጄ ተመልሼ፣ ለብ እንኳ በወጉ አላለኝም። እንዲያውም በረደኝ።»

«ጎበዝ ሞተር ስለሆነ ነዋ!» አለ ጂራታ። «ጌጁ አንድ ቀን እንኳ...»

«ዝም በል እስቲ» አሉ ጋሽ ከሊፋ።

በእጃቸው የያዟትን ሴንሰር አዩ። ደሚቱን አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በመዳፋቸው ጨበጡት። ጨብጠውት ቆዩ። ያን ያህል መንገድ ከመጣ ሞተር ላይ ያንን ቱቦ ሰው ጨብጦ አይቆይም።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ በቀስታ። «ሴንሰሯ እኮ አልዋሸችም። ሞተሩ እውነትም በርዶታል።»

ጋሽ ከሊፋ ቆባቸውን ገፋ አድርገው ግንባራቸውን አከኩ።

«ጂራታ፣ ግንቦት ላይ ያወጣሁልህ ቴርሞስታት የት ናት?»

«ምኗ?»

«ያቺ ክብ የነሐስ ነገር። ውሃውን ሞተሩ ውስጥ አግዳ የምታቆይ በር ናት። ሲሞቅ ትከፈታለች፣ ሲቀዘቅዝ ትዘጋለች። እኔ ሳወጣት ውሃው ገና ሳይሞቅ ራዲያተር ሄዶ እየበረደ ይመለሳል፤ ሞተሩ መሞቂያ ጊዜ አጣ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ‹ምስኪን፣ አሁንም በርዶታል› እያለ ቤንዚን ያፈስለታል። ከጠዋት እስከ ማታ።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ‹ይቺ ናት ጠላትህ› ብለው ያወጧት?» አለ ጂራታ፤ ድምፁ ቀንሷል።

«እኔ ነኝ! እድሜዬን ሙሉ ሳወጣ ነው የኖርኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ቴርሞስታት የቀረለት አሮጌ መኪና ካለ እኔ ጋ ስላልመጣ ነው። መኪና ሞቀ? ቴርሞስታቱን አውጣ። አባቶቻችን ያስተማሩን ነው። የድሮ ሞተር ሲበርደው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የሚጠይቅም የለም። ይሄኛው ጠያቂ እንዳለበት ረሳሁት።» ድንገት ተቆጡ፤ በማን እንደተቆጡ ግን አይታወቅም። «አሁን የት ናት?»

ጂራታ አንገቱን አከከ። «ለሌንሳ ሰጠኋት።»

ደሚቱ መሮጥ ጀምራለች።

ከጠመንጃ ያዥ እስከ ቤቷ በቅያሱ አቋራጭ ብዙ አይደለም፤ ለእሷ ግን ያን ቀን አላልቅ አላት። ሰዎች «ደሚቱ ምን ሆንሽ?» ይላሉ፤ እጇን እያወናጨፈች ታልፋለች። አልጋ ሥር ገብታ የሌንሳን የእቃቃ ካርቶን ጎተተች። የጠርሙስ ቆርኪ ሳህን፣ የሳርዲን ቆርቆሮ አልጋ፣ እግር የሌላት አሻንጉሊት። ከሥር፣ በጭቃ ወጥ የተሞላች የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተጥዳባት፣ ያቺ የነሐስ ነገር ተቀምጣለች። ሌንሳ ምድጃ አድርጋታለች። ደሚቱ ስንት ቀን ስትጠርግ አይታታለች! አንስታ በመዳፏ ጨበጠቻት። ይህችን የምታክል ነገር ለጨዋታ ሰጥተን ነው ልጄ የምታንቀላፋው፣ አለች በልቧ።

ስትመለስ ጂራታና ጋሽ ከሊፋ ከመኪናው ኋላ ቆመው ይነጋገራሉ። የኋላው በር ጎማ ተቀዶ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ጥላሸት መስመር ሠርቷል።

«በዚህ ነው የሚገባው» አሉ ጋሽ ከሊፋ። አሁን አይቀልዱም። «ማርሚታውም መጋጠሚያው ላይ ተበስቷል። ጂራታ፣ ሽታውን ተወው። ከሽታው ጋር ሽታ የሌለው ጭስ አለ። የከሰል ጭስ ታውቃለህ? እሱ ነው። የተመረዘው ሰው የተኛ ይመስላል።»

ጂራታ ሚስቱን አየ። ሄዶ በመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ደሚቱ ልትቆጣው ያዘጋጀችው ብዙ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። ሄዳ ትከሻውን ገፋ አደረገችው።

«ተነስ። ልጆቹ ሊወጡ ነው።»

ጋሽ ከሊፋ ቴርሞስታቷን ከጭቃ ወጧ አጠቡ። «እንግዲህ ችግሩ» አሉ፣ «ያኔ እውነትም አልከፈት ብላ ከሆነ አትረባንም፤ መልሰን ብንገጥማት ሞተሩን ታፈላዋለች። በውሃ እንያት።»

ማንቆርቆሪያው እንደገና ተጣደ። ፈላ። ጋሽ ከሊፋ ቴርሞስታቷን በሽቦ አንጠልጥለው ጣሳው ውስጥ አጠለቋት፤ የፈላውን ገለበጡባት። ሦስቱም ጣሳው ላይ አጎነበሱ። በሯ ዝግ ነች። እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው። ዝግ ነች።

«ሞታለች» አለ ጂራታ።

«ቆይ» አለች ደሚቱ። «ባቄላም ወዲያው አይበስልም።»

ጋሽ ከሊፋ ጣሳውን እንዳለ አንስተው የሻይ ሻጯ ምድጃ ላይ ጣዱት። ውሃው እንደገና ሲንተከተክ የመካከሏ ክዳን ፈቀቅ አለ፤ በጠርዟ ዙሪያ ክር የምታክል ክፍተት ታየች። ክፍተቷ ሰፋች። በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ እንደሚያዛጋ ሕፃን አፍ ተከፈተች። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያደርጓት መልሳ ገጠመች።

«ያለ ጥፋቷ ነው የተባረረችው» አሉ ጋሽ ከሊፋ። «ጥፋተኛው ተደፍኖ ያጠብኩት ራዲያተር ነበር። የመድኃኒቱን ምስጋና ግን እኔ ለነቀላዬ ሰጠሁት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሩጫ ነበር። ቴርሞስታቷ በቦታዋ ገባች፤ ሴንሰሯ ተመለሰች፤ ካንዴላዎቹ ተጠረጉ። ማርሚታው ተበየደ፤ ለኋላው በር ከተጣለ መኪና ጎማ ተገኘለት። ደሚቱ አንዴ ቁልፍ ታቀብላለች፣ አንዴ ወጥታ ፀሐይዋን ታያለች።

ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ጭሱ ያው ነው፤ ጥቁር። ጂራታ ክሩስኮቱ ላይ ተተክሏል። ትንሽ ቆይቶ ጮኸ።

«ጋሽ ከሊፋ! ጌጁ እየወጣ ነው! ሊሞቅ ነው፣ ላጥፋው?»

«እጅህን ሰብስብ!»

«ኧረ እየወጣ ነው!»

«ይውጣ! ሊሞቅ ነው የተፈጠረው!»

ላቡ በግንባሩ ወረደ። ደብረ ዘይት መንገድ ላይ የቆመችው ሙሽራ ሳትታየው አልቀረችም። መርፌዋ ወጣች፣ ወጣች፣ መካከል ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። እዚያው ቀረች። በዚያው ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ሲያጉረመርም የነበረው ረጋ፣ ቀነሰ። ደሚቱ የነጠላዋን ጫፍ ማርሚታው አፍ ላይ ይዛ ቆመች። ጋሽ ከሊፋ «ኧረ ነጠላሽን!» ቢሏትም አልሰማችም። ቆይታ ገልብጣ አየችው። ግራጫ ነገር ነክቶታል፤ ጥቁር አይደለም። ሌላውን ጫፍ ያዘች። ያ ደግሞ ነጭ ሆኖ ወጣ ማለት ይቻላል።

«አለፍን?» አሉ ጋሽ ከሊፋ።

«ገና ነው» አለች ደሚቱ። «ልጆቹን ሳላደርስ አላሳልፍም።»

ከትምህርት ቤቱ ሲነሱ እንደ ጠዋቱ ሞተሩ ላይ ተቀመጠች። መስኮቱን አሁንም አላዘጋችም። ጦር ኃይሎች ሳይደርሱ ሙቀቱ በቀሚሷ ዘልቆ ተሰማት። ትንሽ ቆይታ ተቁነጠነጠች። ነጠላዋን አጥፋ ከሥሯ አደረገች። አልበቃትም።

«ጂራታ!»

«አቤት!»

«ተቃጠልኩ!»

ጂራታ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በመሪው ላይ ተደፋ፤ ከኋላው ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ለቀቀበት። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ደላዊት ሎሚዋን ልጣ ትመጠምጣለች።

አብነትን አልፈው ሲታጠፉ ደሚቱ ዞር አለች። ሌንሳ ከኋላ ወንበር ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች።

ሳቁ ከደሚቱ ፊት ጠፋ። ተነሳች፤ በሚሄደው መኪና ውስጥ እየተንገዳገደች ልጆቹን ተሻግራ ደረሰች። ጉንጯን ያዘች።

«ሌንሳ! ሌንሳ ኮ! የኔ ሌንሳ፣ ንቂ!»

ሌንሳ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው፤ የተናደደም ነው።

«እማዬ፣ ተይኝ እንጂ! እየተኛሁ ነው!»

«ራስሽን አላመመሽም?»

«አላመመኝም። ሂጂ።»

ደሚቱ ግን አልሄደችም። አጠገቧ ተጣብቃ ተቀመጠች፤ እጇን በልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ ትንፋሿን እያዳመጠች። እስከ ጌጃ ሰፈር ድረስ ልትቀሰቅሳት አፏን ብዙ ጊዜ ከፈተች፤ አልቀሰቀሰቻትም።